ባለ ሦስት ፎቁ ፒራሚድ

ማርሊ ስተኪ ወሬውን ለከተማው የነዛችው የሥልጠና ካምፑ ገና ሳይጀመር ነው። «ሦስት ቀን ብቻ ጠብቁን፤ አንዳችን በአንዳችን ላይ ቆመን ባለ ሦስት ፎቅ ፒራሚድ መሥራት ተምረን እንመለሳለን» ብላ ለፓስተሩም፣ ለፀጉር አስተካካዩም፣ ለስንዴ ጎተራው ሠራተኞችም ነግራለች። የትምህርት ቤቱ ቺርሊደሮች፣ በጨዋታ ላይ እየዘለሉ ቡድኑን የሚያበረታቱት ልጆች፣ በጠቅላላ ስድስት መሆናቸውንና ከሥር ቆሞ የሚጠብቅ ሰው እንደማይተርፍ ያነሳባት ሰው አልነበረም።

በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኟ ጆስሊን፣ ቁመቷ ከማርሊ ትከሻ የማያልፍ ሴት፣ ልጆቹን ፍራሹ ላይ ሰብስባ መውረድ ታስተምራቸው ጀመር። ከጉልበት ላይ መውረድ፣ ከጭን ላይ መውረድ፣ ተይዞ መውረድ። እስከ ምሳ ድረስ መውረድ ብቻ።

ማርሊ አላስቻላትም። «እኛ እኮ የመጣነው መውጣት ልንማር ነው።»

«ደግ፤ ውጪ» አለቻት ጆስሊን።

ማርሊ የሁለት ልጆች መዳፍ ላይ ቆመች። ወገባቸው ድረስ ካነሷት በኋላ ቁልቁል ብታይ አንዷ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ሌላዋ የገዛ ጫማዋን ታያለች፤ ከኋላ እንድትጠብቃት የቆመችው ኬንድራ ደግሞ በበሩ ለሚያልፍ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች እጇን ታውለበልባለች። ማርሊ በቂጧ ፍራሹ ላይ አረፈች።

«መውረዱን ብቻሽን ቻልሽበት» አለች ጆስሊን። «አሁን እነሱ መያዙን ይማሩ።»

በሁለተኛው ቀን የባሰ መጣ። ጆስሊን የማርሊን ትከሻ ጫን ጫን አድርጋ አየችና «አንቺ ከታች ተሸካሚ ነሽ» አለቻት።

«እኔ እኮ ካፒቴን ነኝ።»

«ለዚህ እኮ ነው። ስትቆጥሪ ድምፅሽ ይሰማል።»

በእሷ ቦታ ኦፓል ወጣች፤ የሙዚቃ ጓዱ ስለሞላ ብቻ እዚህ የገባች ዝምተኛ ልጅ። ማርሊ ምሳዋን አኩርፋ ለብቻዋ በላች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የኦፓል ጉልበት አፍንጫዋን አገኛት።

«ይቅርታ፣ ማርሊዬ።»

«ግዴለም፤ ለዚሁ ነው የበቀለው» አለች በረዶ ይዛበት።

በሦስተኛው ቀን ኦፓል በተሸካሚዎቿ ትከሻ ከፍታ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ማርሊ አራት እስክትቆጥር ቆይታ በሰላም ወረደች። ስድስቱም ተቃቀፉ።

«ፒራሚዱስ?» አለች ኬንድራ።

«ይቺን አንድ ዓመት ሥሩና እናወራለን» አለች ጆስሊን።

ዓርብ የአሜሪካ እግር ኳስ፣ ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፣ ግጥሚያ ነበር። ኦፓልን ሲያነሷት ፀጉር አስተካካዩ ሚስተር ሆስቴትለር ከመቀመጫው «ማርሊ፣ ሦስት ፎቅ አልነበር ያልሽው?» አላት።

«መሠረቱን እያየህ ነው» አለችው፣ ዓይኗን ከኦፓል ሳትነቅል። «ሦስት፣ አራት። ኦፓል፣ ውረጂ።»

«ቆዪ፣ ልጃችን ኳሱን ይዞ እየሮጠ ነው» አለች ኦፓል ከላይ። «ከዚህ ጥሩ ይታያል።»

«ኦፓል፣ ትከሻዬ።»

«ደረሰ፣ ደረሰ... ገባ።»

ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ተነሳ። ኦፓል እንደተማረችው ሆና ወረደች፤ እነሱም እንደተማሩት ሆነው ያዟት።

«ማን ነው ያስገባው?» አለች ማርሊ እያለከለከች።

«አላየሽም እንዴ?» አለቻት ኦፓል ከልቧ አዝናላት።