የድልድዩ ቤት ሰሌዳ

ባርባ ዱሪ መጋዙን አስነሱ፣ ጥቂት አስጮኹት፣ ከዚያ መልሰው አጠፉት።

"እህ፣ በስንት ልቁረጠው?"

ሴራይና ጠዋት ከቤት ስትወጣ መልሱ ነበራት፤ ድልድዩን ስትሻገርም ነበራት። አጎቷ፣ በአገሩ አነጋገር ባርባዋ፣ መጋዙ ፊት ቆመው ሲጠይቋት ግን ያ ሁሉ እርግጠኝነት ብን ብሎ ጠፋ።

ጠረጴዛው ላይ የተጋደመው ጣውላ ከአባቷ ዛፍ የወጣ ነው። አባቷ በሞተበት ዓመት መኸር ላይ ከቤቱ ጀርባ የነበረውን ዛፍ ጥሎ፣ ሰንጥቆ፣ እዚህ በባርባ ዱሪ መሥሪያ ጣሪያ ሥር እንዲደርቅ ደርድሮት ነበር። ሲደርቅ አብዛኛው ተሰነጣጠቀ። ለአንድ የበረዶ ሰሌዳ፣ ሁለት እግር አስረው ተራራ ለሚወርዱበት ጣውላ፣ የሚበቃ ብቻ ተረፈ። ግድግዳው ላይ ሁለት የቅርጽ ማውጫዎች ተሰቅለዋል። አንዱ ወገቡ ላይ አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር ነው፤ መንደሩ በሙሉ የሚወርደው በእሱ ነው። ሌላው ሃያ አንድ ነው፤ ለእንግዳ ተብሎ የተሠራ፣ አቧራ የጠጣ። ጣውላው አንዴ ከጠበበ የሚያሰፋው የለም።

"ባርባ፣ እስከ ከሰዓት ይታገሡኝ።"

"እኔማ እታገሣለሁ። የማይታገሠው ሙጫው ነው። ዛሬ መጭመቂያ ውስጥ ካልገባ፣ እሁድ የምትወርጂው በእርጥብ ዳቦ ነው።"

እሁድ ቤቶች የሚጠሩበት ቀን ነው። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ በረዶው ገና እንደ ድንጋይ በሆነበት ማለዳ፣ ከተራራው ጫፍ የየቤቱ ስም ይጠራል። የተጠራው ቤት ልጆች ተከታትለው ይወርዳሉ። የፊተኛው ሰሌዳውን በጠርዙ አጋድሞ በጠጣሩ በረዶ ላይ ቀጭን ቦይ እየቀደደ ይሄዳል፤ የኋለኛው በዚያው ቦይ ውስጥ ይገባል። ታች የቆመው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያያል። መስመሩ አንድ ከሆነ ያ ቤት አለ ይባላል። አንድ ሰው ብቻ የቀረው ቤት ግን አይጠራም፤ ተከታይ የለውማ። የእነሱ፣ የድልድዩ ቤት፣ አባቷ ከሞተ ወዲህ አልተጠራም። ሴራይና ሲንጋፖር የግንባታ ምሕንድስና ስትማር ቆይታ በመኸር ስትመለስ፣ ወንድሟ ኩርዲን ገና ሻንጣዋን ከባቡሩ ሳያወርድ "ዘንድሮ እንጠራለን" ነበር ያላት። እሺ ብላዋለች። ከሁለቱ ሻንጣዎቿ አንዱን እስከ ዛሬ አልፈታችውም፤ እሺ ማለቱን ግን ብላዋለች።

ኩርዲን በሩን በክርኑ ገፍቶ ገባ። የገብስ ሾርባ ድስት ተሸክሞ፣ እንደ ሁልጊዜው ቀስ እያለ፣ የጋለ ድንጋይ እንደሚረግጥ ሰው ነበር የሚራመደው። ክረምት በገባ ቁጥር እንዲህ ነው። ሴራይና ላሞቻቸውን የመጠበቅ ድካም ይመስላት ነበር።

"አልተቆረጠም እንዴ?"

"እህትህ እያሰበች ነው" አሉ ባርባ ዱሪ።

"ምኑ ይታሰባል? አሥራ ስምንት ነዋ! አባዬ በአሥራ ስምንት፣ ባርባ በአሥራ ስምንት፣ እኔ በአሥራ ስምንት። ድመታችን ብትወርድ በአሥራ ስምንት ነው።"

"ድመታችን እግሯ ትንሽ ነው።"

"እሱስ እውነትሽን ነው።" ጫማዋን አየና ፈገግ አለ። "ያንቺን እግር ካነሣን እንዲያውም ሰሌዳ ምን ያደርግልሻል? ውስጥ እግርሽን ሰም ተቀቢና ውረጂ።"

"ኩርዲን!"

"ሲንጋፖር ሙቀት ነው አሉ። ሙቀት እግር ይለጥጣል እንዴ?"

ባርባ ዱሪ ሳቃቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ኩርዲን ግን ድስቱን ሲያስቀምጥ ፊቱ ተለወጠ።

"ስሚኝ ሴራይና። ሰፊ ሰሌዳ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ለመገልበጥ ይዘገያል። እኔ ተገልብጬ ስጨርስ አንቺ ገና ሰሌዳሽን በሆዱ እንዳስተኛሽ ነሽ። ከቦዩ ትወጫለሽ። በሁለት መስመር ከምንወርድ ባንጠራ ይሻለናል።"

ትክክል ነው። የሚያናድደውም ይኸው ነበር። እሷም ብትሆን ከዚህ የተለየ አታስብም። ግን የሚያስበው ጭንቅላቷ ነበር፤ ዳሌዋ ሌላ ነገር ይላል።

የአባቷን አሮጌ ሰሌዳ ይዛ ወደ ተራራው ወጣች። የሴራይና እግር ከአሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር እጅግ ይረዝማል፤ ስለዚህ ጣቷና ተረከዟ ከጠርዙ እንዳያልፉ ሁለቱንም እግሮቿን ወደ ሰሌዳው አፍንጫ ማዞር አለባት። መጀመሪያ የእግር ማሰሪያዎቹን እንደ ወንድሟ አድርጋ በጣም አዞረቻቸው። ሰሌዳው እንደ ቢላ ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። ነገር ግን በግራ በኩል በታጠፈች ቁጥር ዳሌዋን የሆነ ነገር ቀርቅሮ ይይዛታል፤ ጉልበቷ እንደ ተጠመዘዘ ልብስ ሆነ። ቆማ ማሰሪያዎቹን አላላችና እግሮቿን ትንሽ ወደ ጎን መለሰቻቸው። እፎይ አለች። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ሰሌዳው በደንብ ሲጋደም፣ ከጠርዙ የተረፈው የጫማዋ ጫፍ በረዶውን ነካ። ጠርዙ ተነሣ። በጀርባዋ ተንሸራታ የቆመችው አጥሩ ሥር ነው።

ቀና ብላ የመጣችበትን አየች። ቀጭን ቦይ፣ ከዚያ አጠገቡ የድመት ጥፍር የመሰለ ቡጭሪያ፣ ከዚያ ሰው የሚያህል የተጠረገ ቦታ።

ሌሎቹ ሁሉ የሚችሉት ነገር እሷ ላይ ሲደርስ የሚያመው ለምንድን ነው? ጣውላው ነው የጠበባት ወይስ እሷ ናት ከዚህ ቦታ የተረፈችው? ሁለቱ ጥያቄዎች እየተቀላቀሉባት፣ የትኛውን እየመለሰች እንደሆነ እስኪጠፋት ድረስ ግራ ተጋብታ ወረደች።

መሥሪያው ስትመለስ ወረቀት አወጣች። የጫማዋን ርዝመት ያዘች፣ እግሯ በሚዞርበት ዘዌ አሰላች፣ ስፋቱን አገኘች። አሥራ ስምንት ይሆናል፤ እግሯ ብዙ ከዞረ። ሃያ አንድም ይሆናል፤ ትንሽ ከዞረ። በመካከሉ ያለው ሁሉ ይሆናል። ስሌቱ ምንም ስሕተት አልነበረበትም። የጠየቀችውን ሁሉ እሺ እያለ ይመልሳል እንጂ የትኛውን እንደምትፈልግ አይነግራትም። ወረቀቱን አጨማድዳ ምድጃው ውስጥ ከተተችው።

በዚህ መሃል አንድ ነገር ትዝ አላት። የእሷና የአባቷ የእግር ቁጥር እኩል ነበር። በሣር አጨዳ ወራት ሁለቱ የላስቲክ ቦት ይሻሙ ነበር፤ ቀድሞ የተነሣ ደረቁን ያደርጋል። ያው እግር ይዞ አባቷ በአሥራ ስምንት እንደዚያ ከወረደ፣ እሷ የማታውቀው ዘዴ አለ ማለት ነው። የአባቷ ጠንካራ የበረዶ ጫማ እስከ ዛሬ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አወረደችው፣ ዘለበቶቹን ፈታች፣ እግሯን ሰደደች።

አልገባም።

ገፋች። ተረከዟ ከላይ ቀረ።

"ባርባ፣ ይኼ የአባዬ ጫማ አይደለም።"

"የማን ሊሆን ነው? የእሱ ነው እንጂ።"

"እግሬ እምቢ አለ። የእሱና የኔ እኮ እኩል ነበር።"

"ታዲያ የሰሌዳ ጫማ ማን በእግሩ ልክ ይገዛል?" አሉ ባርባ ዱሪ፣ ሾርባቸውን እየጠረጉ። "ሁለት ቁጥር ዝቅ ታደርጊያለሽ፣ ጣቶችሽን ታጥፊያለሽ፣ በቃ። ጫማው ካጠረ ሰሌዳው ላይ ይበቃል። አልነገሩሽም?"

"ማንም አልነገረኝም።"

"ልክ ነሽ፣ የሚነገረው እግር ማደግ ሲያቆም ነው፤ አንቺ ያኔ ሄድሽ።"

"ሁላችሁም እንደዚህ ናችሁ?"

"ሁላችንም። ጥፍር እንደሆነ መልሶ ይበቅላል።" ማንኪያቸውን ላሱ። "አንዳንዱ።"

ሴራይና የወንድሟን አረማመድ አሰበች። አባቷ ማታ ማታ ከምድጃው አጠገብ እግሩን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሮ ዝም የሚልበትን ጊዜ አሰበች። እሷ ያን ዝምታ ጥልቅ ሐሳብ አድርጋ ነበር ይዛው የዞረችው።

"ታዲያ ሰሌዳውን ለምን አላሰፋችሁትም?"

"አሥራ ስምንት ነበራ።"

"ለምን አሥራ ስምንት ሆነ?"

ባርባ ዱሪ ግድግዳው ላይ ያለውን ማውጫ እንደ አዲስ አዩት። "የመጀመሪያው እንዲያ ነበር። የመጀመሪያው ደግሞ... እኔ እንጃ ሴራይና። በአራቱም ማዕዘን ብትጠይቂኝ አላውቀውም። አሁን እንደዚህ ስትይኝ ለኔም ግራ ገባኝ።"

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ጠባብነቱ ምክንያት እንደሌለው በገዛ እጇ ደርሳበታለች። ግን የአባቷ መስመር እንደዚያ የጠራው በዚያ በታጠፈ ጣት ምክንያት ቢሆንስ? ሰፊውን ብትቆርጥ ከሕመሙ ጋር ሌላም ነገር ቆርጣ ብትጥልስ? ጣውላው ጥያቄዋን ቢሰማም ባይሰማም እዚያው ተጋድሟል፤ መጋዙም፣ አጎቷም ይጠብቃሉ።

"ሃያ" አለች።

"የሃያ ማውጫ የለኝም።"

"በእርሳስ እናውጣዋ።"

"እሺ። ግን ለምን ሃያ?"

"አላውቅም ባርባ። ዳሌዬ ሃያ ይላል። ኩርዲን ደግሞ ከሃያ አንድ ይልቅ በሃያ ትንሽ ቀለል አድርጎ ይቆጣል።"

ባርባ ዱሪ እርሳሱን ከጆሯቸው አወረዱ። "የጎኑን ቅስት ከሱ ሰሌዳ ጋር እኩል አደርገዋለሁ። መዞራችሁስ አንድ ይሁን" አሉና መጋዙን አስነሱት። በዚህ ጊዜ አላጠፉትም።

እሁድ ማለዳ የባርባ ዱሪ ሚስት፣ አክስታቸው ኦንዳ ሜንጂያ፣ ሰው ወደ ተራራው የሚያወጣውን የገመድ ወንበር የሚያንቀሳቅሱት፣ ድምፅ ማጉያቸውን ይዘው ከተራራው ጫፍ ቆመው ነበር። ሁለት ቤት ወረደ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የድልድዩ ቤት!"

ኩርዲን አዲሱን ሰሌዳ እስካሁን በሙሉ ዓይኑ አላየውም። "ከቦዩ እንዳትወጪ" ብቻ ብሎ ወረደ።

ሴራይና ተከተለችው። በረዶው ከሥሯ እንደ ጨርቅ ይቀደዳል። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ገባች፤ ዳሌዋ ዝም አለ። ሁለተኛው ላይ ገባች። ወደ ሦስተኛው ሲያቋርጡ ግን ወንድሟ ያለው ነገር ደረሰ። ሰሌዳዋ ለመገልበጥ ትንሽ፣ የአንድ ትንፋሽ ያህል ዘገየባት፤ የኩርዲን ቦይ በቀኝ በኩል ሊያመልጣት ሲል ጠርዟ በስንጥር ልዩነት ደረሰበት። የሚቀጥለው ላይ እንደምትወጣ አወቀች።

የሚቀጥለው ግን እንደዚያ አልሆነም። ኩርዲን መሐል ላይ ሰሌዳውን በሆዱ እንዳለ ትንሽ አቆየው። ከፊት ያለ ሰው ዞር ብሎ አያይም፤ እሱም አላየም። ሳይቸኩል አጋደመው። ሴራይናም በልኩ ደረሰችበት። ከዚያ በኋላ ያለው መታጠፊያ ሁሉ እንደዚህ ሆነ፤ ሰፋ ያለ፣ በመሐሉ ትንፋሽ ያለበት፣ በዚህ ተራራ ላይ ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀው ዓይነት።

ታች የቆሙት ቀና ብለው አዩ።

"አንድ ነው!" አለ አንዱ።

"አንድስ አንድ ነው፤ ግን ይኼ የድልድዩ ቤት መስመር ነው? የነሱ እንዲህ አልነበረም" አለ ሌላው።

"ታዲያ ከድልድዩ ቤት በቀር ማን ወረደ? ፍየል?"

ሴራይናም አየችው። ቡጭሪያ የለውም። የአባቷን ግን አይመስልም። ልትደሰት ይሁን ልታለቅስ ለራሷም አልገባትም። ኩርዲን በረዶው ላይ ተቀምጦ ዘለበቶቹን እየፈታ ነበር።

"ጠበቅኸኝ?" አለችው።

"ማን፣ እኔ?" ቀና አላለም። "እግሬን አሞኝ ነው።"

የትኛው እውነት እንደሆነ ከፊቱ ለማንበብ ሞከረች፤ አልተነበበላትም። እሱ ግን ጫማውን ጎትቶ አወጣና፣ በካልሲው ተነሥቶ፣ እያነከሰ ሄዶ ሰሌዳዋ ላይ ቆመ። እግሩን በአግድሙ አስተካከለ። ጣቶቹ ከጠርዙ አለፉ። ትንሽ አዞረው፤ ገቡ።

"ስንት ነው ያልሽው?"

"ሃያ።"

"ሃያ" አለ ለራሱ። ተጣጥፈው የከረሙ ጣቶቹን ካልሲው ውስጥ ዘረጋቸው። ተረከዙን ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ውስጥ አደረገው። ከላይ የሌላ ቤት ስም ተጠራ፤ ኩርዲን አልሰማም።