ቁም ያላለ ስልክ

ስልኩን እንደዚያ ያደረጉትን ሰዎች አላውቃቸውም። ባውቃቸው ኖሮ አንድ ቀን መስታወት ቤታችን ጠርቼ፣ ትልቁን መስታወት አሸክሜ፣ ደረጃ መሀል አቆማቸውና ሻይ ልጠጣ እሄድ ነበር።

እኛ ትልልቅ መስታወት ተሸክመን ሕንፃ ላይ የምንገጥም ሰዎች ነን። አራት ሆነን እንሸከማለን። አምስተኛው ጠሪ ይባላል። ጠሪው አይሸከምም፤ ከጎን ሆኖ የመስታወቱን ጠርዝ እያየ "ሂድ"፣ "ቀስ"፣ "ዝቅ"፣ "ቁም" ይላል። ተሸካሚ የሚያየው የራሱን እጅና እግሩ የሚያርፍበትን ብቻ ነው። ጓደኛውን ለማየት ዞር ካለ መስታወቱ ይጠመዘዛል፤ የተጠመዘዘ መስታወት ደግሞ ማንንም አይምርም። ስለዚህ ከጠሪው ቃል በቀር ሌላ አንሰማም። ቤትህ ተቃጠለ ቢሉህ እንኳ "ቁም" እስክትባል ድረስ ትራመዳለህ።

ጠሪያችን አጎቴ ነበር፣ የእናቴ ወንድም። ሥራውን ያስያዘኝም እሱ ነው። ድምፁ ከመንገድ ማዶ ያለውን ሰው ያስደነግጥ ነበር። ከዚያ ጉሮሮው ታመመ፤ ሐኪሞቹ በሽታውን ቆርጠው ሲያወጡ ድምፁም አብሮ ሄደ። አሁን የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ ባለች ቀዳዳ ነው። ማፏጨት እንኳ አይችልም። ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት አራቱን ቃላት በራሱ ድምፅ ስልኩ ላይ ቀድቶ ነበር። ሚስቱ ደግሞ "እኔስ?" ብላ አምስተኛ አስቀዳችው፤ "ነይ እስቲ፣ የኔ እመቤት" የምትል፣ ቤት ውስጥ ብቻ የምትነካ።

አራቱ ቃላት በስክሪኑ አራት ማዕዘን ላይ አራት ትልልቅ ባለ ቀለም ምልክቶች ነበሩ። አጎቴ አያያቸውም። ዓይኑ መስታወቱ ላይ ነው፤ አውራ ጣቱ ያውቃቸዋል። በተለይ ቀዩን፣ "ቁም"ን፣ ጣቱ እንደ ፍሬን ተጭኖት ይጠብቃል። ሲያነሣው ደረቱ ላይ የታሰረችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ "ቁም!" ትላለች። እኛም እንቆማለን። እንዲህ ሆነን ስንቱን ሕንፃ አለበስን።

አንድ ቀን ጠዋት አጎቴ ፊቱን አጥቁሮ መጣና ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ስልኩ ሳይጠየቅ ራሱን አድሶ አድሯል። "እንኳን ወደ አዲሱ ገጽታ በደህና መጡ" ይላል። ቀለም የሚባል ነገር የለም። ምልክቶቹ ሁሉ እንደ ውኃ ጠብታ ሆነዋል፤ ከኋላቸው ያለው የአጎቴ ልጅ ፎቶ በውስጣቸው ያልፋል። ቀዩ የለ፣ አረንጓዴው የለ፤ ሁሉም የልጅቷ ጉንጭ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ቦታቸውንም ተለዋውጠዋል።

እኛ በር ላይ አዲስ መስታወት ስንገጥም ሰው እንዳይጋጭበት ወዲያው በነጭ ፕላስተር መስቀል እንለጥፍበታለን። የማይታይ መስታወት አፍንጫ ይሰብራል፤ ይህን የግቢያችን ድመት እንኳ ተጋጭታ ተምራዋለች። እነዚያ ሰዎች ግን ደህና ሲታይ የነበረውን ነገር እንዳይታይ ለማድረግ ነው ደመወዝ የሚበሉት። ማን ለመናቸው? ማን አልቅሶ ደጃቸው ሄደ?

"ጋሼ፣ ዛሬ ይቅርብህ" አልኩት ቀስ ብዬ።

በክርኑ ገፋኝና ወደ ቦታው ሄደ።

ጉዱ የፈላው ግቢ ውስጥ፣ መስታወቱን ወደ መኪናው ስንወስድ ነው። መኪናው ጋ ደርሰን "ቁም" ስንጠብቅ የአጎቴ ደረት "ነይ እስቲ፣ የኔ እመቤት" አለ።

ከፊት ካሉት ተሸካሚዎች አንዱን ሞተር እንለዋለን፤ አፉ ስለማያርፍ ነው። ወዲያው ድምፁን አቅጥኖ፣ "መጣሁ የኔ ጌታ! ቀሚሴን ልቀይር ወይስ እንዲሁ ልምጣ?" አለ።

ሳቅ ፈነዳ። አጎቴ ደንግጦ ሌላ ነካ። "ዝቅ!" አለ ስልኩ። ከኋላ ያለነው ዝቅ አደረግን፤ ከፊት ያሉት በሳቃቸው አልሰሙም። የመስታወቱ ማዕዘን ከመሬት ተላተመና ጥፍር የምታህል ስባሪ ተፈናጠረች።

አለቃችን ከቢሮው ወጣ። የማይጮኽ ሰው ነው፤ የሚያስፈራውም ያ ነው።

"ማን ነው የጠራው?"

"ስልክ ነው የጠራው፣ አለቃ" አለ ሞተር።

"እኔ ስልክ አልቀጠርኩም።" ወደ አጎቴ ዞረ። "ከሰዓት በኋላ የምንገጥመው የደረጃው ነው፣ ትልቁ። በእሱ ላይ ከተሳሳትክ ሌላ ሰው ይጠራል። ስማ፣ ጠልቼህ አይደለም።"

ከመጥላት በምን ይለያል ልለው ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ እኔ ሆድ ውስጥ ነው የሚቀረው።

በምሳ ሰዓት ስልክ ሠሪው ጋ ሄድን። ቀና ሳይል አንዱን ስልክ ሆዱን ከፍቶ ይጎረጉራል።

"ወደ ድሮው መልስልን" አልኩት።

"ድምፅህን አውጣ እንጂ፣ ወንድሜ! ምን አልክ?"

"ወደ ድሮው።"

"ድሮ ሞቷል፤ ነፍስ ይማር።" የአጎቴን ስልክ ተቀብሎ አገላበጠው። "ደግሞ ምን ሆነ? ያምራል እኮ! ሙሽራ መስሏል።"

አጎቴ ነጠቀውና ነካው። "ቀስ!" አለ ስልኩ።

"እሺ ጋሼ፣ ቀስ እላለሁ። ይለመዳል። የሰው ልጅ ያልለመደው ምን አለ?"

"እስኪለምደው ሥራው ይሄዳል" አልኩ።

"ታዲያ እኔ ነኝ የሠራሁት? ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ እኔን ሲሰድብ ዋለ! አንዷማ በጫማ ልትለኝ ነበር!"

"እሱ ላይ አትጩህ።"

"አልጮኽኩም!" ብሎ ጮኸ።

ሆኖም ሠራው። የልጅቷን ፎቶ አንሥቶ ጥቁር ገጽ አደረገ፤ አራቱንም ጎትቶ ወደየማዕዘናቸው መለሰ። አጎቴ ነካ ነካ አደረጋቸው። ሂድ። ቀስ። ዝቅ። ቁም። ሁሉም በየቦታቸው ተናገሩ። ሳቀ ማለት አልችልም፤ የግንባሩ ቋጠሮ ግን ላላ። ነካ ነካ አደረጋቸው እንጂ እንደ ልማዱ ተጭኖ አልያዛቸውም። ያንን ለመሞከር ማናችንም አላሰብንም።

ከሰዓት በኋላ የሄድንበት ሕንፃ ገና አልተጠናቀቀም። ደረጃው መደገፊያ የለውም፤ መታጠፊያው ላይ አንዱ ጎን ባዶ ገደል ነው። ከፊት ያሉት ሁለቱ፣ ሞተርና ጓደኛው፣ የኋሊት እየተራመዱ ይወጣሉ። እኔ ከኋላ በቀኝ በኩል፣ አጎቴ አጠገብ ነኝ።

"ሂድ" አለ የአጎቴ ድምፅ። ወጣን። "ቀስ" አለ። ቀስ አልን። ምንም እንከን አልነበረውም። መታጠፊያው ላይ ደረስን። አሁን "ቁም" ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። ጠሪ ዝም ካለ ደግሞ መራመድ ነው።

በዓይኔ ጠርዝ ወደ አጎቴ አየሁ፤ ማየት አልነበረብኝም። ጣቱን ከቀዩ ቦታ አንሥቷል፤ እንደገና ተጫነ፣ አነሣ። በአዲሱ ገጽታ ምልክቱን ተጭኖ መያዝ ትርጉሙ ሌላ ኖሯል። ምልክቶቹ ሁሉ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣሉ፤ ስልኩም በትሕትና "ይህን ማጥፋት ይፈልጋሉ?" እያለ ይጠይቀዋል። አጎቴ አፉን ከፈተ። ከአንገቱ ቀዳዳ ፉጨት የማይሆን ትንፋሽ ብቻ ወጣ። የሞተር ተረከዝ ወደ ባዶው ሄደ።

"ቁም!"

የጮኽኩት እኔ ነኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። አራታችንም ቆምን። ከሞተር ተረከዝ ሥር የሲሚንቶ ፍርፋሪ ወደቀ፤ ታች ሲደርስ ድምፁን ሰማነው።

"ማን ነው እሱ?" አለ ሞተር፣ ሳይዞር። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አልነበረበትም።

እየተሸከምኩ "ሂድ፣ ቀስ፣ ዝቅ" እያልኩ መስታወቱን ቦታው አደረስን። አንዲት ጭረት እንኳ አልነካውም።

አለቃ ከታች ሆኖ ሁሉንም አይቷል። "ከነገ ጀምሮ አንተ ትጠራለህ" አለኝ።

"አለቃ፣ ጥፋቱ የስልኩ ነው። የእሱ አይደለም።"

"አውቃለሁ። ስልኩን ማባረር ግን አልችልም። አጎትህ ጉልበት አለው፤ ባንተ ቦታ ይሸከማል።"

አጎቴ አየኝ። በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ድምፅ ማጉያዋን ከደረቱ ፈትቶ ከስልኩ ጋር ኪሱ ከተተና ብቻውን ደረጃውን ወረደ።

ሞተር ትከሻዬን ያዘኝ። "አንተ ድምፅ የለሽ፣ ዛሬ ባንድ ቃል ሁለት ሰው አወጣህ። እኔን ከሞት፣ አጎትህን ከሥራው።"

በማግስቱ አጎቴ ጓንት አጥልቆ የእኔን ማዕዘን ያዘ። እኔ ከጎን ቆምኩ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

"ሂድ" አልኩ።

ሦስቱ ተራመዱ። አጎቴ ግን ተተከለ። መስታወቱ ሲጢጥ አለ፤ ሁሉም ደንግጠው ቆሙ።

"ጋሼ..." አልኩ። አልዞረም። ተሸካሚ አይዞርም። "ሂድ" አልኩ እንደገና። ንቅንቅ አላለም።

"ጩኽ እንጂ!" አለ ሞተር። "ለመቃብር ነው የምታወራው? እጃችን ሊገነጠል ነው!"

ተናድዶብኝ ነው? ወይስ በዚህ ድምፅ ሰው እንደማይታዘዝ ሊያሳየኝ ነው? እስካሁን አላወቅሁም። ያን ጊዜ ግን እኔም ተናደድኩ። በእሱ ላይ፣ በአለቃ ላይ፣ በማላውቀው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሰውን ሥራ በጣታቸው ጠርገው ባጠፉት ሰዎች ላይ። ሆዴ ውስጥ ያስቀረሁት ሁሉ ባንዴ ጉሮሮዬን ሞላው።

"ሂድ!"

የጎረቤት መስኮት ተከፈተ። አጎቴ ተራመደ። እስከ መኪናው ድረስ ቃሌን እየጠበቀ ሄደ፤ "ቁም!" ስልም ከሁሉም ቀድሞ የቆመው እሱ ነበር። ከዚያ ጓንቱን አውልቆ በአጠገቤ አለፈ። ሰላምታ እስከ ዛሬ አይሰጠኝም።