የውሃ ወረፋ እንግሊዝኛ

መምህር ደግሰው ቁልቁለቱን ገና ሳይጨርስ ከውሃ ቦኖው በኩል ጩኸት ሰማ።

"ጀሪካኔ ሦስተኛ ነበረች! ማነው ከሰልፍ ያወጣት?" ይላሉ እማማ ጥሩሐረግ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው።

እሱ የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ለተሥላሴ የምትባለው ተማሪው ግን አልፈረመችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ የእንግሊዝኛ ክለሳ ሲሰጥ አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላለችም። ዘንድሮ ካልተፈተነች ዓረብ አገር ያለችው እህቷ ልትወስዳት ነገሩን ጨርሳለች። ደግሰው ያሳዝነዋል፤ ግን ደግሞ ተናዷል። ክለሳ ያልተማረች ልጅ ፈተና ላይ ተቀምጣ ምን ልትሠራ? "ለከርሞ ይሻልሻል" ብሎ ቁርጧን ሊነግራት ነበር የወረደው።

በዝቋላ ለውሃ የሚሰለፈው ጀሪካን ነው፣ ባለቤቱን ተክቶ። ውሃው መቼ እንደሚለቀቅ ስለማይታወቅ ግን አጠገቡ ያልተገኘ ሰው ተራው ያልፈዋል።

ያንን ሰልፍ ለተሥላሴ አፍርሳዋለች። ሦስት ጀሪካን ለብቻ ደርድራ፣ ወረፋ ጠባቂ ልጆችን ፊት ለፊቷ አስቀምጣለች። ደግሰው ግራሩ ሥር ቆመ።

"ቢጫዋ ፍየሏ ናት። ነጩ ውሃው። ሰማያዊው መጠጣቱ ነው" አለች። "መጠጣት በኛ መጨረሻ ነው የሚመጣው፣ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣናም በአማርኛም። ፈረንጅ ግን ትዕግሥት የለውም!" ሰማያዊውን አንሥታ መሃል ከተተችው። "በሉት!"

"ዘ ጎት ድሪንክስ ወተር!"

"አሁን ፍየሏን አውጡና እማማን አስገቡ!"

"ጥሩሐረግ ድሪንክስ ወተር!"

እማማ ጥሩሐረግ ስማቸውን በፈረንጅ አፍ ሲሰሙ ቁጣቸው ጠፋ። "በሞትኩት! እኔን ነው?" ብለው ሳቁ።

ደግሰው ጠጋ ብሎ ልጆቹን አየ። ከልጆቹ መካከል ገና ሦስተኛ ክፍል የሆኑ አሉ። እሱ ሰሌዳ ሙሉ ጽፎ ለስምንተኛ ክፍል ማስረዳት ያቃተውን ነገር ይቺ ልጅ በባዶ ጀሪካን ጨረሰችው። ተገረመ፣ አፈረም፤ መገረሙ ግን በለጠበት። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ዓረብ አገር ሰሃን ሊያጥብ ነበር።

"ማነው ይኼን ያስተማረሽ?"

ለተሥላሴ ደንግጣ ተነሣች። "እርስዎ ነዎት፣ መምህር።"

"እኔ? መች መጥተሽ?"

"የክፍል ጓደኛዬን የምህረትን ደብተር እየተዋስኩ እገለብጣለሁ። ያልገባኝን እዚህ ለልጆቹ ሳስረዳ ይገባኛል።"

"ታዲያ ለምን አትመጪም?"

"አባቴ እግሩን ታሞ ተኝቷል። ውሃው ቢለቀቅ የሚቀዳልን ሰው የለም።"

ሊላት የመጣውን ተወው። ሰዓቱን አየ፤ አምስት ተኩል አልፏል።

"ሩጪ፣ ርዕሰ መምህሩ ሳይወጣ ፈርሚ።"

"ተራዬስ?"

ደግሰው ኮቱን አውልቆ ግራሩ ላይ ሰቀለና ከጀሪካኗ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "እኔ እጠብቅልሻለሁ።"

"መምህር ውሃ ሊቀዱ?" ብለው ሴቶቹ ተሳሳቁ። ወንድ በዚያ ሰልፍ ተቀምጦ አያውቅም።

ለተሥላሴ ዳገቱን እየሮጠች ሳለ ቧንቧው አየር ይተፋ ጀመር። ደግሰው እጅጌውን ጠቅልሎ ጀሪካኗን አነሣ።