መዝገቡ የገመተው ሰዓት

አቶ መሸሻ ሃያ ስድስት ዓመት ሚኒባስ ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ዛሬ ግን በልጃቸው በሰብሌ መኪና ጋቢና ተቀምጠው ሁለት ማሽን ሲጣሉ ያያሉ። ከጦር ኃይሎች ቤቴል ለመድረስ የመኪናው ጂፒኤስ ሃያ ደቂቃ ይላል፤ የሰብሌ ስልክ አርባ።

«ለአንድ መንገድ ሁለት ግምት?» አሉ።

«የመኪናው ካርታውን ብቻ ነው የሚያውቀው አባባ፤ መንገዱን ባዶ አድርጎ ያሰላል። ስልኩ ግን መንገድ ላይ ካሉት ሰዎች ስልክ መጨናነቁን ያያል።»

«እኛ መዝገቡ ነበረን» አሉ።

መዝገቡ ረዳታቸው ነበር። በር ላይ ተንጠልጥሎ «ዛሬ ገበያ አለ፣ ሃምሳ ደቂቃ!» ካለ ሃምሳ ደቂቃ ነው። ያ መዝገቡ አሁን ቤቴል አንድ ክሊኒክ ተኝቷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀዶ ጥገና ይገባል፤ ሐኪሞቹም ዕድሜው ስለገፋ ዋስትና የለም ብለዋል። አቶ መሸሻ ከዚያ በፊት ዓይኑን ማየት ፈልገዋል። ሲነሱ ደውለውለታል፤ ሰዓቱ ስምንት ከአሥር ነው።

መንገዱ ሲጨናነቅ አላስችል አላቸው። «ወደ ግራ ግቢ! የውስጡን መንገድ በልቤ አውቀዋለሁ።»

«ስልኩ ግን...»

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል!»

ሰብሌ ገባች። እሳቸው በመስኮት እያዩ ደስ አላቸው፤ እዚህ ጋ ጎማ ፈንድቶባቸው መዝገቡ ተሳፋሪውን ሁሉ አስቆ ነበር። ያኔ ጥግ ላይ የነበረው ባሕር ዛፍ ግን የለም። ትንሽ እንደሄዱ መንገዱም አለቀ፤ የኮንዶሚኒየም ግንብ ተገትሮበታል።

ዞረው ወደ ዋናው መንገድ ተመለሱ። ክሊኒኩ የደረሱት ዘጠኝ ከሃያ ሁለት ላይ ነው። አቶ መሸሻ እየተጣደፉ ደረጃውን ወጡ።

መዝገቡ አልጋው ላይ ተቀምጦ ይስቃል።

«ተራቸውን ለሌላ በሽተኛ ሰጥተው ነው» አለች ነርሷ። «‹ጓደኛዬ በድሮው መንገድ ካልሄድኩ ይላል፤ አሁን ግንብ ተሠርቶበታል፤ ተመልሶ ዘጠኝ ከሃያ ይደርሳል› ብለው ለመኑን።»

«ሁለት ደቂቃ አሳሳትከኝ፣ አንተ ሽማግሌ» አለ መዝገቡ።

አቶ መሸሻ እጁን ይዘው አለቀሱ፤ አላፈሩም። ወዲያው ሊወስዱት መጡ። አልጋው በሩ ጋ ሲደርስ መዝገቡ ድሮ ሚኒባሱን እንደሚያስነሳው የአልጋውን ብረት በመዳፉ ሁለቴ መታና «ሳበው!» አለ።

የአቶ መሸሻ ቀኝ እጅ ሳይታወቃቸው ማርሽ ፈለገ።