ከፈረሰው ወፍጮ ቤት ገባ ብሎ

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የፈረሰው የጋሽ ሽብሩ ወፍጮ ቤት አስፋልቱ መሀል ተመልሶ ቆመ። ያቆምኩት እኔ ነኝ።

ከተማችን ስማርት ሲቲ ልትሆን ነው ተብሎ፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ አድራሻ በታብሌት እመዘግባለሁ። እዚህ ሰፈር የቤት ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው የለም። ቤትዎ የት ነው ስል ሁሉም "ከፈረሰው ወፍጮ ቤት ገባ ብሎ" ይለኛል። አርባ ሦስት ሰው እንዲህ አለኝ። ታብሌቱ ደግሞ "ምልክቱ ካርታው ላይ የለም" እያለ አርባ ሦስቴ መለሰብኝ። ሰለቸኝ። ካርታው ላይ አስፋልቱን ነካሁና "ወፍጮ ቤት፣ አገልግሎት ላይ ያለ" ብዬ ሞላሁ። ቀና ስል ቆሟል፤ የዛገው ቆርቆሮ ሳይቀር።

ሾፌሮች እየተሳደቡ ዞረውት አለፉ። ከስድብ አልፎ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

የጋሽ ሽብሩ ባለቤት እትዬ አያልነሽ ጤፍ በከረጢት ተሸክመው መጡ። ጋሽ ሽብሩ ወፍጮ ቤቱ በፈረሰ በወሩ ነው የሞቱት፤ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ።

"ደምሰው፣ ውስጥ ሰው አለ?"

"አላየሁም።"

ገቡ። ሲወጡ ቅንድባቸው በዱቄት ነጥቷል።

"እሱ ነው" አሉኝ። "ያ የዱቄት ሳሉ እንኳ አልለቀቀውም።"

"ምን አሉዎት?"

"ተራ ያዢ አለኝ። ለሚስቱም አያዳላም፤ ድሮም እንደዚሁ ነው።" ሳቁ፤ ከዚያ አለቀሱ።

ስድስተኛ ናቸው። ከፊታቸው አምስት ከረጢት ተደርድሯል፤ ባለቤቶቹ ግን አይታዩም። ወፍጮው በቀን አንድ ከረጢት ብቻ ነው የሚፈጨው። ተራቸው እሁድ ይደርሳል።

ሐሙስ ዕለት አለቃዬ ኢንጂነር ሰይፈ ደወለ።

"መንገድ ዘግተሃል። ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ካርታው ይታደሳል፤ የተሳሳተ ምልክት ሁሉ ይጠፋል።"

"እስከ እሁድ ይቆይልኝ።"

"ለምን?"

"ተራ የያዙ ሰው አሉ።"

"ሲስተም ተራ አይጠብቅም" አለና ዘጋው።

አርብ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ሆኜ ተጣራሁ።

"እትዬ አያልነሽ፣ ኧረ በማርያም ይውጡ! ሊጠፋ ነው!"

ከረጢታቸው ላይ ተቀምጠዋል። "ከወጣሁ ተራዬ ያልፋል" አሉ። "ያኔ ሲያፈርሱት ገበያ ነበርኩ። ማንም አልነገረኝም። አሁን አንተ ነገርከኝ፤ ይበቃኛል። ሂድ ልጄ።"

እጃቸውን ይዤ ጎተትኩ። አልነቃነቅ አሉ። ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ፈራሁና ጥያቸው ወጣሁ። በዚህ እስካሁን አፍራለሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ አስፋልቱ ባዶ ነበር። መኪኖቹ ቀጥ ብለው አለፉ።

እሁድ ጠዋት ከአስፋልቱ ሥር ወፍጮ ሲፈጭ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ግማሽ ሰዓት ፈጭቶ ቆመ። ወደ እትዬ አያልነሽ ቤት ሄድኩ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ደጃፉ ላይ ከረጢታቸው ቆሟል፤ አፉ ታስሯል። ዳበስኩት። ዱቄቱ ገና ትኩስ ነው።

"እትዬ?" አልኩ።

ከውስጥ የወንድ ሳል መለሰልኝ።