የሙሄዲን ኮክ

«ለቅሶ ቤት እሳት አይነድም» አለ እንድሪስ በሩ ላይ እንደቆመ።

ሳፊያ ቀና አላለችም። ሊጡን እያሸች «እሳት የማይነደው ጎረቤት ምግብ ይዞ ሲመጣ ነው» አለችው። «ማን መጣ?»

እንድሪስ የሳፊያን ባል፣ ወንድሙን ሙሄዲንን ሊቀብር ከቢስቲማ ደሴ ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። በቀብሩ ዕለት የሰፈሩ ወንዶች መጥተው አፈር አልብሰው፣ ዱዓ አድርገው ተበትነዋል፤ ሬሳን መተው ነውር ስለሆነ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ድንኳኑ ውስጥ የሰኔ ዝናብ እንጂ ሰው አልገባም። ትናንት ሳፊያ ሰፊው ምንጣፍ ላይ ብቻዋን እንደተቀመጠች፣ በአጥሩ ሥር የሚያልፉ ሴቶች ሲያወሩ ሰምታለች።

«የኬኩ ሰውዬ ሞተ አሉ።»

«ሞተ። እንግዲህ ማን ይጋግርላቸው ይሆን?»

በሳቅ ነበር የተለያዩት።

«ተይው ይቅርብሽ» አለ እንድሪስ። «ሰዉ የራቀን በኬክ አይደለም እንዴ? ደግመሽ ልትጋግሪ?»

«ይሄ ኬክ አይደለም።»

እውነቷን ነው። ሙሄዲን ይህን የተማረው በልጅነቱ ኮምቦልቻ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ዳቦ ቤት ነው። ጣሊያኑ ክሮስታታ ይለው ነበር፤ ሰፈሩ የሙሄዲን ኮክ አለው። ለዓይን የሚያምር ነገር አይደለም። ሊጡን ይዳምጠዋል፣ የተከተፈ ኮክ ይሞላበታል፣ የተወቀጠ ለውዝ በስኳር ይነሰንስበታል፣ ከዚያ ጠርዙን በጣቱ ወደ መሃል እያጠፈ ይመልሰዋል። ኮክ በማይደርስበት ወር ቴምር ያደርግበታል። አንድ ቀን እንኳ ሸጦት አያውቅም። ሰው የሞተበት ቤት ይዞት ይሄዳል፤ የእስላም ይሁን የክርስቲያን ግድ የለውም። «እህል አልወርድ ብሏቸዋል፤ ትንሽ ጣፋጭ ይቅመሱ» ይላል። ንፍሮ አላይም ያሉ ሐዘንተኞች ከእሱ እጅ ተቀብለው ይበሉ ነበር። እነዚያ ሁሉ ዛሬ ለእሱ ለቅሶ አልመጡም።

ሳፊያ ጠርዙን አጠፈች። እንደ እሱ አልሆነላትም፤ አንዱ ጎን ተሰነጠቀ። እንድሪስ እያጉረመረመ ከበርሜል ወደ ተሠራው ምድጃ ፍልጥ ጨመረላት።

ነገሩ የመጣው ባለፈው መስከረም ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሙሄዲንን አስጠርቶ፣ ለአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ባለ ሦስት ደርብ ኬክ፣ አናቱ ላይ ቀይ ኮከብ ያለበት፣ እንዲጋግር አዘዘው። ከሐርቡ ጀምሮ መንገዱ ዳር ሰው በረሃብ ያልቃል። መንግሥት ግን ኬክ አምሮታል። ሙሄዲን ከሦስት ሰዎች ጋር ኬኩን በሳንቃ ተሸክሞ፣ አስፋልት ዳር በተኮለኮሉት ርሃብተኞች መሃል አልፎ አዳራሽ ሲገባ ደሴ በሙሉ አየው። አዳራሽ ውስጥ እጁ እስኪቀላ ያጨበጨበውን ማንም አያነሳም። ችቦ ይዞ የተሰለፈውን ማንም አያነሳም። ሊቀ መንበሩን ቀና ብሎ ማየት የማይደፍር ሰፈር፣ ጋጋሪውን ለመናቅ ሲሆን ጀግና ሆነ።

ኮኩ በስሎ ሲወጣ አንዲት ሴት በድንኳኑ አለፈችና ቤት ገባች። ባሏ ቀለሙ የሞተባት ጎረቤት እትዬ አረጋሽ ናት፤ ሦስት ቤት ዝቅ ብላ ነው የምትኖረው። የቆርቆሮ ሳህን ይዛለች።

«ሳህናችሁን ልመልስ ነው» አለች። «ቀለሙ የሞተ ጊዜ ባልሽ ኮክ ያመጣበት ነው። ዕቃችሁ ቤቴ እንዲቀመጥ አልፈልግም።»

«አረፍ ይበሉ፣ እትዬ አረጋሽ።»

«አላርፍም።»

ሳፊያ ሳህኑን ተቀበለቻትና ከትኩሱ ቆርሳ አድርጋ መልሳ ዘረጋችላት። አረጋሽ አየችው፤ ሽታው ደርሷታል።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አለች።

የሳፊያ እጅ አየር ላይ ቀረ። በቅቤ ነው ያሸችው። ሙሄዲን ረቡዕና ዓርብ ክርስቲያኖቹ እንዲበሉለት በዘይት ነበር የሚያሸው፤ ፍልሰታ የሚገባበትን ቀን ከቄሶቹ እኩል ያውቃል። ሃያ ሁለት ዓመት አጠገቡ ቆማ ዘይቱን ስታቀብለው ኖራ፣ ዛሬ ቀኑን እንኳ አላሰበችም። ከቀብሩ ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ አሁን መጣ።

«እሱ አይረሳም ነበር» አለች አረጋሽ። ድምጿ ግን አልለዘበም። «የከፋኝም ለዚህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ይገርመኝ ነበር? ወንድሜ ሐርቡ መንገድ ዳር ነው የሞተው። በዚያው በኬኩ ሳምንት።»

«አልጋግርም ብሎ ነበር» አለች ሳፊያ።

«ማን?»

«እሱ ነዋ። እጄን ይቁረጡት አለ። ሊቀ መንበሩ ‹ጀላልን ለውትድርና እጽፈዋለሁ› አለን። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ እትዬ። ሙሄዲን እግር ላይ ወድቄ ጋግርላቸው አልኩት። እኔ ነኝ ያስጋገርኩት።»

እንድሪስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይህን እሱም አልሰማም ነበር።

«ጀላልስ ታዲያ?» አለች አረጋሽ።

«ጥቅምት ላይ ከሚሠራበት ጋራዥ ከኮምቦልቻ ወሰዱት። አባትህ ሞተ ብዬ የምጽፍበት አድራሻ እንኳ የለኝም።» በመዳፏ ፊቷን ጠረገች። «ሙሄዲን ከዚያ ወዲህ ሊጥ አልነካም። ሰፈሩ ሲሰድበው አንድ ቀን ‹እሷ ናት› አላለም። ወላሂ ለእኔም አላለኝ። እኔም ዝም አልኩ፤ እንዲሰድቡት ተውኳቸው።»

ዝናቡ ድንኳኑን ይመታል። አረጋሽ ሳህኑን ከሳፊያ እጅ ወስዳ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ለመንገድ የለበሰችውን ነጠላ ከትከሻዋ አወረደች፤ አንድ ጊዜ አራገፈችው፣ ጥለቱ ወደ አንገቷ እንዲመጣ ገለበጠችው፣ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችው፤ ከዚያ ሳፊያን እጇን ይዛ ወደ ድንኳኑ ወጣች፤ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ከጎኗ ተቀመጠች።