ውሃ የማይነካበት ወር

ባለፈው ዓመት በዋና፣ በብስክሌትና በሩጫ ውድድር ላይ ሐይቁ መሃል ስደርስ ደረቴ ተዘጋ። ሰመጥኩ እንዳልል አልሰመጥኩም፤ ዋኘሁ እንዳልል የነፍስ አድን ጀልባ እንደ ጆንያ ጎትቶ አወጣኝ። ታይቱንግ ደግሞ ወሬ የማያድርባት ከተማ ናት። በማግስቱ ቁርስ ልገዛ ስወጣ ባለሱቋ «ውሃው እንዴት ነበር?» ብላ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ወዲህ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ዘንድሮ ያንን ሐይቅ በገዛ እጅና እግሬ ተሻግሬ መውጣት። ከዋናው ቀጥሎ ያሉት ብስክሌትና ሩጫ አያስፈሩኝም። እኔን የሚገድለኝ ዋናው ነው።

ይህን ለእናቴ መንገር አልነበረብኝም። እናቴ ሲዩ-ሉዋን ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ጊሽጣ ታመርታለች። መቀሷን ከቅርንጫፉ ሳታነሳ «እኔም እመዘገባለሁ» አለች።

«እማ፣ ዋና፣ ብስክሌት፣ ሩጫ፤ ሦስቱም በአንድ ቀን ነው።»

«እና? እኔ በአንድ ቀን ሦስት ነገር ብቻ ሠርቼ አውቃለሁ?»

ልምምዱ እኔን ለማናደድ የታቀደ ይመስል ነበር። ብስክሌት ስንነዳ የምታውቀውን ሰው ሁሉ ሰላም ሳትል አታልፍም፤ የማታውቀው ሰው ደግሞ የለም። ከኋላዋ ቅርጫት ሙሉ ጊሽጣ ትጭናለች፣ ባዶ እጇን ሰው ፊት ላለመቅረብ። ዋናዋማ ተዉት። ሰፊ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ እያወራች ነው የምትዋኘው። ኤሊ ይቀድማታል። ድካም የሚባል ነገር ግን አታውቅም፤ ባሕር ውስጥ ዛጎል ስትለቅም ነው ያደገችው።

ይሄ ሁሉ ደግ ነበር። የባሰው በጨረቃ አቆጣጠር ሰባተኛው ወር ሲገባ መጣ። በዚያ ወር የሙታን በር ይከፈትና ወደኛ ይመጣሉ። እናቴ በስማቸው አትጠራቸውም፣ «ደጋግ ወንድሞች» ነው የምትላቸው። ውሃ የወሰዳቸው በቦታቸው የሚተካ ሰው ፍለጋ የዋናተኛ እግር ይጎትታሉ።

«በዚህ ወር ውሃ አይነካም» አለች።

«እማ፣ ውድድሩ እኮ ወሩ እንዳለቀ ነው። የጎደለኝ ዋና ነው።»

«ጎድሎሽ ይቅር።»

«መዋኛ ገንዳስ? ክሎሪን አለበት።»

«ክሎሪን የሚገድለው ጀርም ነው። እነሱ ሞተዋል።»

«ገላዬንስ አልታጠብ?»

ትንሽ አሰበች። «ቆመሽ ታጠቢ።»

ስለዚህ ወሩን ሙሉ፣ ጊሽጣ የምንደረድርበት አግዳሚ ላይ በሆዳችን ተኝተን አየር ቀዘፍን። ጎረቤታችን ጋሽ ቺንግ-ሹይ ሻዩን ይዞ አጥሩ ጋ ይቆምና «ዛሬስ የት ደረሳችሁ?» ይለናል። እኔ በንዴት ጥርሴን ሳፋጭ እናቴ «ጃፓን እየታየችን ነው» ትለዋለች። ለደጋግ ወንድሞች ደጃፍ ላይ ጠረጴዛ ስትዘረጋም ከኑድሉ፣ ከብስኩቱና ከቢራው ጎን፣ ለውድድሩ ቀን ያስቀመጥኩትን ሯጮች ለጉልበት የሚመጥጡትን ጣፋጭ እሽግ በሙሉ ደረደረችው። «መንገዳቸው ሩቅ ነው፣ ጉልበት ያስፈልጋቸዋል» አለችኝ። ለሦስት ቀን አኮረፍኳት።

ወሩ አለቀ፣ በሩ ተዘጋ፣ ውድድሩ ደረሰ። ሐይቁ መሃል ስደርስ ያው ደረቴ እንደገና ጥርቅም አለ። ሁሉም ጥሎኝ ሄዷል። ጀልባው አፍንጫውን ወደኔ አዞረ። እጄን ላነሳ ስል ከኋላዬ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ለራት ምን እንሥራ?»

«እማ፣ መተንፈስ አቃተኝ።»

«ሰማሁሽ። ዓሣ ወይስ አሳማ?»

«... ዓሣ።»

«እሺ፣ በዝንጅብል እሠራዋለሁ።»

«ባለፈው ዝንጅብል አብዝተሽበት አልተበላም እኮ።»

«አልተበላም? ሁለት ሳህን ሙልጭ ያደረገው ማነው ታዲያ?»

«ርቦኝ ነው!»

ለካ ሰው ሲናደድ ይተነፍሳል። ጀልባው አጠገባችን ደርሶ ሰውዬው «እትዬ፣ ላውጣችሁ?» አለ። እናቴ «ወሬ ላይ ነን፣ አታቋርጠን» ስትለው ይቅርታ ጠይቆ ዞር አለ። ከዝንጅብል ወደ ጨው፣ ከጨው ወደ አክስቴ ሠርግ እየተጨቃጨቅን እጄ ይቀዝፋል። የዋናው ሰዓት ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው እግሬ መሬት ነካ።

ወጣሁ። በገዛ እግሬ ወጣሁ። ወደ ብስክሌቶቹ እየሮጥኩ «እማ፣ ቶሎ በይ፣ ብስክሌትሽ የታለ?» አልኳት።

የሸሚዟን ጫፍ እየጨመቀች «ቤት ነው» አለች።

«ምን ማለት ነው ቤት ነው?»

«አላመጣሁትማ። ብስክሌቱን ብቻሽን ትችይዋለሽ፣ ሩጫውንም እንደዚያው። እኔ የተመዘገብኩት ለውሃው ነው።»

ቆምኩ። ያ ሁሉ ልምምድ፣ ያ ሁሉ መንፈራገጥ፣ ያችን አንዲት ውሃ አብራኝ ለመግባት ነበር።

«እማ፣ በሩ ተዘግቷል እኮ። ሄደዋል።»

«ዘግይቶ የሚቀር አይጠፋም» አለችኝ። «አንቺን ከሚጎትት እኔን ይጎትት ብዬ ነው። እኔን ደግሞ እስቲ ይሞክረኝ።»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ወድጃት አላውቅም፤ ሰዓቱ እየሄደ መሆኑን እያወቅኩ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። እሷ ግን ትከሻዬን ገፋ አድርጋ «ሂጂ በቃ፣ ሰው ያየናል» አለችኝ። ብስክሌቴ ላይ ወጥቼ እያለቀስኩ ነዳሁ።